የፀሐይ ማብሰያን ወደ ገጠር ስትወስዱ፦ ከመጀመሪያው ድስት እስከ ሦስተኛው ወር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ የገጠር ግቢ ገባሁ። ከጎተራው ሥር የፀሐይ ማብሰያ ተቀምጧል፤ ካርቶን ላይ ፎይል ተለጥፎበት፣ ብርሃን ሰብስቦ ያለ እሳት የሚያበስል እቃ ነው። ፎይሉ ያብረቀርቃል፤ ካርቶኑም አልተቀደደም። ውስጡ ግን ዶሮ ታቅፋበታለች። ማብሰያውን ከወራት በፊት ካከፋፈልነው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ግማሽ ቀን አሠልጥነን፣ ፎቶ ተነሥተን ሄድን። ተመልሶ “እንዴት ሆነላችሁ?” ያለ ሰው አልነበረም። እቃው ምንም አልጎደለውም። የጎደለው የእኛ አካሄድ ነው።

ይህን የምጽፈው ያ እንዳይደገም ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። የፀሐይ ማብሰያ የሚለመደው ከምታበስለው እናት ውሎ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ውኃ ልትቀዳ መቼ ትወጣለች? ምሳ መቼ ታቀርባለች? ብዙ ማገዶ የሚፈጅባት የትኛው ምግብ ነው? ካርቶንና ፎይል ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

የማገዶ ጭስ ነገር ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ጭሱን አብዝታ የምትተነፍሰው ምድጃ ዳር የምትውለው እናት ናት። ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃንም አብሯት ይተነፍሳል።

1. መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ማገዶውን እዩ

ሁለት ነገር አብሮ ካልተገኘ አትጀምሩ፤ በቂ ፀሐይና የማገዶ ችግር። እንጨት ደጃፏ ላይ የምታገኝ እናት ማብሰያውን ብትሞክረው ለእናንተ ብላ ነው።

ሰማዩን ለማወቅ የአካባቢውን ሰው የሚያህል የለም። “ስጥ የምታሰጡት በየትኛው ወር ነው? ስንት ቀን ይፈጅባችኋል?” ብላችሁ ጠይቁ። እህል ቶሎ የሚደርቅበት ወር ምግብም የሚበስልበት ወር ነው። በእኛ አገር ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ተስፋ አይጣልባቸውም። ስለዚህ ሥራውን በሰኔ አትጀምሩ። ጥቅምት ላይ ጀምሩት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተበላሹ ሁለተኛ ዕድል ማግኘት ያስቸግራል።

በቀኑ ውስጥ ያለውን ጊዜ ደግሞ ጥላችሁ ይነግራችኋል። ሜዳ ላይ ቁሙና እዩት። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ለማብሰል በቂ ከፍታ ላይ ናት ማለት ነው። በአብዛኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ዋናው ነው። ሰዓት ለሌለው ሰው ይህቺን ብቻ ብታስተምሩ ብዙ ነገር አስተማራችሁ።

ማገዶው ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ከሴቶቹ ጋር ሄዳችሁ እዩ። በምሥራቅ ቻድ ኢሪዲሚ የሚባል የዳርፉር ስደተኞች መጠለያ አለ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች እዚያ በፀሐይ ማብሰል ለምደዋል። ፀሐዩ የበረሃ ፀሐይ ነው። እንጨት ፍለጋ የሚወጡ ሴቶች ደግሞ ጥቃት ይደርስባቸው ነበር። ለእነሱ አንድ ጉዞ ቀረ ማለት አንድ አደጋ ቀረ ማለት ነው። ማብሰያውንም ከካርቶንና ከፎይል እዚያው መጠለያው ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው ይሠሩት ነበር።

2. ማብሰያ ሳትይዙ ወጥ ቤት ገብታችሁ ዋሉ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔም ዘልዬው ነበር። ቡናና ስኳር ይዛችሁ አራት አምስት ቤት ሂዱ። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጡ። ስንት ሰው እንደሚበላ፣ ድስቱ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ እሳቱ ስንት ጊዜ እንደሚለኮስ መዝግቡ።

ከዚያ ምግቦቹን ለዩ። ንፍሮ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ቅቅል የፀሐይ ምግቦች ናቸው። ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ማማሰል ግን አይፈልጉም። ወጥ መሐል ላይ ነው። ቁሌቱን እሳት ላይ አቁላልቶ፣ ቀሪውን የመንተክተክ ጊዜ ለፀሐይ መስጠት ይቻላል። ገንፎ አስቸጋሪ ነው፤ የኬንያ ኡጋሊም የዚምባብዌ ሳድዛም እንደዚያው። በኃይል መማሰል አለባቸው፤ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ይሄዳል። እንጀራና ቡና መቁላት የእሳት ናቸው። የካርቶን ማብሰያ ምጣድን የሚያህል ሙቀት አይሰጥም።

ይህን ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገሩ። “እንጀራ አይጋግርም” ብላችሁ ራሳችሁ ብትነግሯቸው “ምስር ያበስላል” ስትሉ ያምኗችኋል።

የምግብ ሰዓትም አለ። ምሳ 6 ሰዓት ላይ የሚፈልግ ቤት ድስቱን ረፋድ ላይ ቢጥድም ላይደርስለት ይችላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ቤት ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የተጣደ ምስር ጾም በሚፈታበት ሰዓት ትኩሱን ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት በዐቢይ ጾም የተጀመረ ማስተዋወቅ በጣም ደስ ይለኛል። በበጋው ውስጥ ነው፤ ምግቡም ጥራጥሬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትናቁ። ምግብ ሜዳ ላይ፣ መንገደኛ ዓይን ሥር መቀመጡን የማይወዱ ብዙ ናቸው። አትከራከሯቸው። ማብሰያውን ከቤት ጀርባ፣ ጓሮ ውስጥ አስቀምጡት። ድስቱ ጥቁር ነው፣ ክዳን አለው፤ ውስጡ ያለው አይታይም። እንዲያውም ጓሮ ከሆነ ከፍየልና ከውሻ መጠበቅም ይቀላል።

3. የማብሰያውን ዓይነት ምረጡ

ሥራው በሦስት ነገር ነው የሚሄደው። አንጸባራቂው ብርሃኑን ድስቱ ላይ ይሰበስባል። ጥቁሩ ድስት ብርሃኑን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ድስቱን የሸፈነው ብርሃን አሳላፊ ከረጢት ወይም መስታወት ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። አንድ ሰው ይህን ሦስት ነገር ከያዘ ሲበላሽም ራሱ ይጠግናል።

ዲሽ የሚመስለው ማብሰያ ኃይለኛ ነው። መጥበስም ማፍላትም ይችላል። ግን ውድ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ፀሐይ መዞር አለበት፤ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ቦታ ዓይንም እጅም ይጎዳል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም። የሳጥኑ ዓይነት ሁለት ሳጥን፣ መሐላቸው ጭድ፣ ላዩ መስታወት ነው። ዳቦ ይጋግራል፤ ነፋስም አይበግረውም። ግን ከባድ ነው፤ መስታወቱም ከተሰበረ መተኪያው ከተማ ነው።

ለመጀመር ባለ ክንፍ የካርቶን ማብሰያ ይሻላል። መነሻው ፈረንሳዊው ሮዠ በርናር የነደፈው ነው። ከዚያ የተሻሻለው ኩኪት የሚባለው ዓይነት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ኬንያ ካኩማ የስደተኞች መጠለያ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ደርሷል። ይታጠፋል፣ ይቀላል፣ ለአምስትና ስድስት ሰው ይበቃል።

4. ሥሩት፤ ከዚያ እናንተው አንድ ወር ብሉበት

ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ያህል የሆነ ካርቶን በቂ ነው። ፎይሉን የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ለጥፉ። ማጣበቂያው ከዱቄት የተሠራ ቀጭን ሙቅ ነው። በጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እየጫናችሁ አስተካክሉ፤ የተጨማደደ ፎይል ብርሃኑን ይበትነዋል። ሲደርቅ ካርቶኑን እጠፉት። መሐሉ ድስቱ የሚቀመጥበት ወለል ይሆናል። የኋላው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጎንና ጎኑ እንደ ክንፍ ይከፈታል። የፊቱ ዝቅ ብሎ ትንሽ ብቻ ቀና ይላል።

ድስቱ ስስ ብረት ይሁን። ሸክላ ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በምድጃ የጠቆረ ድስት ካለ ቀለም መግዛት አያስፈልግም፤ የሚራገፈውን ጥላሸት ብቻ ጥረጉ፤ አለዚያ ከረጢቱን ያቆሽሻል። አዲስ ድስት ከሆነ ውጪውንና ክዳኑን ብቻ በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡ። ውስጡን በፍጹም። ቀለሙ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ባዶውን ፀሐይ ላይ አቆዩት።

ከረጢቱ ላይ አትሳሳቱ። ተራ ፌስታል ይቀልጣል። ሙቀት የሚችለው የኦቨን ከረጢት፣ ኦቨን ውስጥ ምግብ የሚበስልበት ብርሃን አሳላፊ ከረጢት ነው የሚያስፈልገው። እሱ ከሌለ ድስቱን የሚሸፍን ትልቅ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ይሠራል። ከረጢቱ ውስጥ ከድስቱ ሥር ሦስት ትንንሽ ጠጠር አድርጉ። እንደ ጉልቻ ማለት ነው። ብርሃንና ሙቅ አየር በሥሩ እንዲገባ ይረዳል። ይህቺ ትንሽ ነገር የምታመጣውን ልዩነት ሞክራችሁ እዩ።

ማብሰያውን አሁን ወዳለችበት ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደምትደርስበት አዙሩት። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን የእኛ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን። ነፋስ ካለ ጥግ ጥጉን በድንጋይ ያዙ።

አሁን አብስሉ። ውኃው ከምድጃው ያነሰ ይሁን፤ እንፋሎቱ ብዙም ስለማይወጣ ከአራት እጅ አንዱን መቀነስ ይቻላል። ጎመን ውኃ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ጥሩ ፀሐይ ሲሆን ሩዝ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ድንች በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የተነከረ ጥራጥሬ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ከፍታም ለውጥ አለው። 2,400 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ባቄላ ይዘገያል። ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት ክልክል።

ቦሎቄን ለብቻው ልናገር፤ ይህን ሳታስተምሩ ማንንም አትልቀቁ። በተለይ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ተፈጥሯዊ መርዝ አለ። የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። ለዘብ ባለ ሙቀት ብቻ ቢበስል ሰው ያስታውካል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሌሊቱን ይነከር፤ ውኃው ይደፋ፤ በአዲስ ውኃ እሳት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፀሐዩ የሚሄደው። ይህ ብቻ ከማገዶው ብዙውን ይቆጥባል።

ደመና መጥቶ ድስቱ ለብ ብሎ ከቀረም ምግቡን እንደዚያ አታቆዩት። ለብ ያለ ምግብ ውስጥ ተህዋስያን ይራባሉ። ወዲያው ምድጃ ላይ ይጨረስ።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወር በራሳችሁ ቤት አድርጉት። ያላሳረራችሁትንና ያላበላሻችሁትን ነገር ማስተማር አትችሉም።

5. የመጀመሪያው ማሳያ

ድስቱን እናንተ አትያዙት። የአካባቢው ሰው እጇን የሚያምንላት እናት ትያዘው። በየሠፈሩ ለድግስ ወጥ ሥሪ ተብላ የምትጠራ ሴት አለች። እሷን ፈልጉ።

አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። እማማ የምንላቸው እናት ምስሩን አጥበው፣ ቁሌቱን እሳት ላይ ሠርተው ድስቱን ከረጢቱ ውስጥ አስገቡ። አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!” አሉ። ሰው ሳቀ። እማማ ግን ወደ እኔ ዞረው፣

“ልጄ፣ ፀሐይዋ ብትደበቅብኝስ?” አሉኝ።

“ያኔ ምድጃዎ አለልዎት፣ እማማ። እሱን አይጣሉት።”

“እሱስ ደግ።”

እንስራቸውን አዝለው ውኃ ሊቀዱ ሄዱ። ሲመለሱ ድስቱን ሳይከፍቱ ከረጢቱን ብቻ ነኩት። ውስጡ በላብ ተሸፍኗል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከፈቱት። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። አንዲት ፍሬ አንሥተው በሁለት ጣታቸው ጨፈለቋት። ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የድስቱን ቂጥ በማንኪያ ፋቁ። የያዘ ነገር የለም። “ማን አማሰለው?” አሉ።

ከእኔ የሁለት ሰዓት ንግግር ይልቅ ያቺ ጥያቄ ሠራች። እሳቸው ውኃ ቀድተው እስኪመለሱ ማንም አላማሰለም፤ ማንም እሳት አልቆሰቆሰም። ወጡም አላረረም። በዚያን ቀን ሴቶቹን የገዛው የማገዶው ነገር አልነበረም። የቀሩት ሰዓታት ናቸው።

ማሳያውን አንድ ቀን ብቻ አታድርጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ግቢ፣ በተለያየ ምግብ። ወንዶችም ይምጡና ይቅመሱ። ካርቶን ሲቀደድ ለመተኪያው ገንዘብ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው።

6. ጥቂት ቤት፣ ትንሽ ክፍያ

በ10 ወይም 15 ቤት ጀምሩ። ቤቶቹ ተጎራባች ይሁኑ፤ አንዷ ሲቸግራት ከአጥሩ ማዶ የምትጠይቃት ትኑር። በነጻ ማደልን አልደግፍም። ያለዋጋ የመጣ እቃ ያለዋጋ ይቀመጣል። ገንዘብ ከሌለ ካርቶን ያምጡ፣ ፎይል ይለጥፉ፣ በየሳምንቱ በዕቁብ መልክ ጥቂት ያዋጡ። በምዕራብ ኬንያ ኒያካች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሞከረው መንገድ ይህን ይመስላል። የአካባቢው ሴቶች ሠልጥነው ማብሰያውን ለጎረቤቶቻቸው እያሳዩ ይሸጡ ነበር። ሻጯ እዚያው ነዋሪ ስለሆነች ከረጢት ሲቀደድ የት እንደሚኬድ ይታወቃል።

የከረጢቱ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በጥንቃቄ ከያዙት ከ10 ጊዜ በላይ ያገለግላል፤ ግን ማለቁ አይቀርም። መተኪያው የት ሱቅ እንደሚገኝ ሳታውቁ አንድም ማብሰያ አትስጡ።

7. ከእሳቱ ጋር አቀናጁት

ፀሐይ ብቻውን ቤት አይመግብም። በደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ 66 ቤተሰቦች የተለያዩ የፀሐይ ማብሰያዎችን በራሳቸው ቤት ሞክረው ነበር። ከሚያበስሉት ምግብ ሲሶ ያህሉን በፀሐይ ሠሩ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሦስት ሸክም እንጨት አንዱ ቢቀር ማለት ነው።

ለቀሪው ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ። ሁለተኛው ሙቀት ጠባቂ ቅርጫት ነው፤ ሠፌድና ቅርጫት መሥራት የለመደ እጅ ምንም አይከብደውም። ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ወይም አሮጌ ልብስ ጠቅጥቁ፤ መሐሉ ላይ ለድስት የሚሆን ጎድጓዳ ተዉ። የፈላውን ድስት ከነክዳኑ አስገቡና በጭድ በተሞላ ትራስ ድፈኑት። ለሰዓታት በራሱ ሙቀት ይበስላል። ቀን በፀሐይ የደረሰውም እስከ እራት ትኩሱን ይቆያል። ደመና በሆነ ቀን እሳት ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀሪው ለቅርጫቱ።

ማብሰያው ባዶ የሚውልበት ሰዓት ካለ ውኃ ያሙቁበት። 65 ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ የቆየ ውኃ በሽታ አምጪ ተህዋስያኑ ይሞታሉ። ለዚህ ዋፒ የምትባል ትንሽ ቱቦ አለች። ውስጧ ያለው ሰም የሚቀልጠው ውኃው ያን ያህል ሲሞቅ ነው፤ ቀልጦ ወደ ታች ከወረደ ውኃው ደርሷል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግን አስጠንቅቁ። ማሞቅ ፍሎራይድን አያወጣም።

8. ተመለሱ

በሁለተኛው ሳምንት፣ በወሩ፣ በሦስተኛው ወር። ይህ ከሥልጠናው ቀን ይበልጣል። ገንዘቡንም ሰዓቱንም ስትመድቡ ለመመለሻው አብልጡ።

ስትመለሱ “ወደዳችሁት?” ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ። እንግዳን “አልሠራልኝም” ብሎ የሚያሳፍር ሰው የለም። ይልቅ “ትናንት ምን በላችሁ? በምን ተሠራ?” በሉ። ማብሰያውን እዩት። አቧራ ጠጥቷል? የታጠፈበት ቦታ ለስልሷል? ጠጠሮቹ የት አሉ? የእንጨት ክምሩንም በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሚዛን መዝኑ።

ያልተጠቀመችበት ቤት ስትገቡ ቅር አትሰኙ። የበለጠ የምታስተምራችሁ እሷ ናት። ዶሮዋ የታቀፈችበትን ማብሰያ ያየሁባት እናት በኋላ ስጠይቃት ምክንያቷን በአንድ ቃል ነገረችኝ። ድስቷ ትልቅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ 9 ሰው አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ አይገባም። እኛ ለ6 ሰው የሚሆን ይዘን ነበር የሄድነው። ሁለት አነስተኛ ድስትና ሁለተኛ ማብሰያ ይዘን ተመለስን። ዶሮዋን ግን እስክትፈለፍል ጠበቅናት።